ጎጆ ያለበት ቅርንጫፍ

ጡረታ የወጣሁት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ወሩን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ማኅደሬ ላይ የተጻፈው የልደት ቀን መረጠልኝ። ለእኔ ሥራ ግን ሐምሌ የመሄጃ ወር አይደለም። በሐምሌ፣ በሠራሁበት መናፈሻ ዋርካ ላይ ጫጩት የፈለፈሉ ወፎች አሉ፤ ከእነሱ ጎን ገና እንቁላል የታቀፉ አሉ፤ ዘግይተው መጥተው ከጎረቤት ጎጆ ጭራሮ የሚሰርቁም አይጠፉም። መታወቂያዬን መለስኩ፣ የመጋዝና የገመድ ርክክብ ፈረምኩ፣ የምስክር ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ በዝናብ ወጣሁ።

ሠፈር ውስጥ ሥራዬ ምን እንደነበር የሚጠይቀኝ ሲኖር «ዛፍ እከረክም ነበር» እላለሁ። «ሴት ሆነሽ?» ይላሉ። አዎ፣ ሴት ሆኜ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁኝ ስለ ከፍታው ነው፤ እፈራ እንደሆነ፣ ወድቄ እንደሆነ። ወድቄ አላውቅም። ስለ ወፎቹ የሚጠይቀኝ ግን የለም። የሥራ ዘመኔ ከባዱ ክፍል እነሱ ጋ ስለሆነ፣ የምጽፈው ስለ እነሱ ነው።

መናፈሻው ከፒያሳ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። በአንድ ወገን የባጃጅ ተራ፣ በሌላው ወገን ትምህርት ቤት አለ። ዶሚኖ የሚጫወቱ ጡረተኞች፣ ከማራኪ በሚኒባስ የሚመጡ ተማሪዎች፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሙሽሮችና ፎቶ አንሺዎች ይሞሉታል። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንድ ትልቅ ሾላና አንድ ትልቅ ዋርካ ቆመዋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ መጣል ሲጀምር፣ ነጫጭ ወፎች ይመጡና ጎጆ ይሠሩባቸዋል። ቀን ቀን ወደ አዘዞና ጠዳ ወርደው የሚያርሱ በሬዎችን እየተከተሉ ፌንጣ ይለቅማሉ፤ አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። ሳቢሳ የሚላቸው አለ፤ እኛ የመናፈሻው ሠራተኞች «ነጫጮቹ» ነበር የምንላቸው።

የተቀጠርኩት በጠራጊነት ነው፤ ከዳባት ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጠራጊ ደግሞ ነጫጮቹን አይወድም። ጠዋት ያጠብኳቸውን ወንበሮች እኩለ ቀን ላይ ኩስ ለብሰው አገኛቸዋለሁ። ሽታው ከልብሴ አይለቅም፤ ጩኸታቸውም ሰው ጉሮሮውን የሚያጸዳ ይመስላል። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ዛፎች ቢቆረጡ አንድ ቃል አልናገርም ነበር።

የዛፎቹን ሥራ የሚመሩት አያ መርሻ የሚባሉ የጭልጋ ሰው ነበሩ። ሰውነታቸው ግዙፍ፣ ድምፃቸው ግን ቀስ ያለ ነው። አንድ ሰኔ ላይ ነፋስ ከሾላው አንድ ቅርንጫፍ ሰብሮ በባጃጅ ተራው አናት ላይ አንጠለጠለው። አያ መርሻ መጀመሪያ ቅርንጫፉን፣ ቀጥሎ መጥረጊያ ይዤ የቆምኩትን እኔን አዩ።

«ክብደትሽ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ከእኔ ታንሻለሽ። መጥረጊያውን አስቀምጪና ነይ።»

እሳቸው የሚወጡበት የጎን ቅርንጫፍ ስስ ስለሆነ አይሸከማቸውም ነበር። ወገቤን በገመድ አሰሩ፤ ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ጎትተው አዩ። ስወጣ እግሬን የት እንደማሳርፍ ብቻ ከሥር ሆነው ነገሩኝ። ቆርጬ ስወርድ «ሸጋ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ዛፍ ሥራ እንድዛወር ደብዳቤ አጻፉልኝ። ደመወዙ ከቀድሞው እምብዛም አይለይም።

ከእሳቸው ጋር ለብዙ ዓመት ሠራሁ። መሀል ላይ አንድ ዓመት አዘዞ ያለ ችግኝ ጣቢያ ተልኬ ነበር፤ ችግኝ ማፍላት አልሆነልኝም፣ ተመለስኩ። ያስተማሩኝን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም፤ ጥቂቱን ልበል። ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ቁርጥ አይወርድም። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ ሲሶው ድረስ ይገዘገዛል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ተብሎ ከላይ ይቆረጣል። እንዲህ ሲሆን ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገፎ አይወስድም። የቀረው ጉቶ በመጨረሻ ይነሳል፤ ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበት እብጠት ግን አይነካም። እብጠቱ ከተተወለት ዛፉ ቁስሉን በራሱ ይዘጋል። አያ መርሻ መጋዙን ጠዋት ጠዋት በሞረድ ይስሉታል፤ ማታ በዘይት ጨርቅ ይጠርጉታል። ዛፍ ላይ ሆነው አይናገሩም። ሥር ያለ ሰው ሲያናግራቸው እንኳ ወርደው ነው የሚመልሱት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከመውጣታቸው በፊት የሚያደርጉት ነበር። በክረምት አንድ ጆንያ ዛፉ ሥር አንጥፈው በጀርባቸው ይተኛሉ። መንገደኛ ይስቃል፤ ባጃጆቹ ጥሩምባ ይነፉባቸዋል። እሳቸው አይነሱም። አንድ ቀን አጠገባቸው እንድተኛ አደረጉኝ።

«መጀመሪያ መሬቱን ነው የምታዪው» አሉኝ። «ከላይ ያለውን የሚነግርሽ እሱ ነው። ለሁለት የተከፈለ ሰማያዊ ቅርፊት ካገኘሽ ተፈልፍሏል። ኩሱ ዙሪያውን ክብ ሠርቶ ከነጣ ጫጩቱ አድጓል፤ ከጎጆው ጠርዝ ወደ ውጭ መጣል ጀምሯል ማለት ነው። ክቡ ሲበታተን ደግሞ ከጎጆ ወጥተው ቅርንጫፍ ላይ ቆመዋል።»

«ከዚያ መቁረጥ ይቻላል?»

«ከዚያማ አንድ አመሻሽ ትጠብቂያለሽ። እናትና አባት መጥተው የሚያጎርሱት ካለ አትቆርጪም። የሚያጎርሱት ከሌለ ትቆርጫለሽ።»

ከሰኔ እስከ መስከረም ማለቂያ፣ ሰው ላይ የሚወድቅ ካልሆነ በቀር፣ በሁለቱ ዛፎች ላይ መጋዝ አይወጣም ነበር። የትም ያልተጻፈ ደንብ ነው። አለቆች ሲቀያየሩም አያ መርሻ ስላሉ ብቻ ይከበር ነበር።

አንድ ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የአያ መርሻ ወንድም ሞቶ ወደ ጭልጋ ሄዱ። የዚያን ጊዜ አለቃችን አቶ ጌታሁን ይባላሉ። ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ሠራተኛ ላይ አይጮኹም። ለአዲስ ዓመት ዝግጅት መናፈሻው ውስጥ መድረክ እንዲተከል ታዝዞ ነበርና አስጠሩኝ።

«ይታይሽ» አሉ በስሜ ጠርተው፤ «መድረኩ ሾላው ሥር ነው የሚሆነው። በላዩ ያለውን ትልቁን ቅርንጫፍ ማንሳት ይቻላል?»

«ጎጆ አለበት» አልኩ።

«ጫጩቶቹ በርረዋል?»

«ላጣራ።»

ሄጄ አየሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ ሲወርድ ስላደረ መሬቱ ታጥቦ ንጹሕ ሆኗል፤ የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም። ጆንያ አላነጠፍኩም፤ ጭቃ ነው ብዬ። መሰላል አቆምኩና ለግንዱ የሚቀርቡትን ሦስት ጎጆዎች አየሁ። ሦስቱም ባዶ ነበሩ። ጫፉ ላይ ያሉትን ቅጠል ሸፍኗቸዋል። ባዶዎቹን አይቼ ሌሎቹም ባዶ ናቸው አልኩ።

አቶ ጌታሁን ራሳቸው ዛፉ ድረስ መጡ። ገመድ የሚይዙልኝ ሁለት ሰዎች አጠገቤ ቆመዋል።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። «ካልሆንሽ መርሻ እስኪመጡ እንጠብቅ። መድረኩን ወደ በሩ ማዞርም ይቻላል፤ ችግር የለውም።»

አንድ አመሻሽ መጠበቅ ነበረብኝ። አያ መርሻ የሌሉበት ትልቅ ቁርጥ ግን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሁለቱ ሰዎችም ዓይን ዓይኔን ያያሉ። «እችላለሁ» አልኩ። የተጠየቅኩት ስለ ወፎቹ ነበር፤ የመለስኩት ስለ ራሴ ነው።

ቁርጡ ጥሩ ቁርጥ ነበር። ከሥር ሲሶ፣ ከላይ የቀረውን። ቅርንጫፉ በገመድ ተይዞ ቀስ ብሎ ወረደ፤ መሬት ሊደርስ ሲል ግን ተጠመዘዘና ጫፉ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ ሆኜ አየሁት። ጎጆዎቹ ተበታተኑ፣ ጫጩቶቹ ጭቃው ላይ ፈሰሱ። ክንፋቸው ላይ ላባው ገና ከሽፋኑ አልወጣም ነበር።

ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ተነሱ። ዋርካው ሥር ቆሎ የምትሸጠው አለምነሽ ሰፌዷን ገልብጣ ሮጠች፤ በሕይወት ያሉትን ትለቅም ጀመር። ስወርድ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይታይሽ፣ ምነው? ምነው አላየሻቸውም?»

አጠገቧ ተንበርክኬ ቆጠርኳቸው። ሃያ ሦስት ነበሩ። ሰባቱ ይተነፍሱ ነበርና በካርቶን አድርጌ የዘበኛው ቤት አስገባኋቸው። ሥጋ ከትፌ፣ ፌንጣ ለቅሜ አጎረስኩ። በማግስቱ ሦስት ሆኑ፤ በሦስተኛው ቀን አንድም አልተረፈ።

የማይረሳኝ ግን የዚያ ቀን አመሻሽ ነው። ወላጆቹ ከጠዳ በኩል ጉሮሯቸውን ሞልተው መጡ። ቅርንጫፉ የነበረበት ቦታ ላይ ደርሰው እግራቸውን ዘረጉ፤ የሚያርፉበት ሲያጡ ዞሩ፤ ተመልሰው መጥተው እንደገና ዘረጉ። እስኪጨልም እንዲያው አደረጉ። መድረኩን የሚተክሉት ሰዎች ሚስማር ይመታሉ።

ዝግጅቱ በሰላም አለፈ። አቶ ጌታሁን አልወቀሱኝም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለ ዛፍ ጠይቀውኝ አያውቁም። አያ መርሻ መስከረም ላይ መጡ። ሾላው ሥር ቆመው ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ አዩ።

«ቁርጡ ሸጋ ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ነበሩ?»

«ሃያ ሦስት።»

«ቆጥረሻቸዋል?»

«ቆጥሬያለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አንስተውት አያውቁም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት አልቆ ሰኔ ገባ፤ ነጫጮቹ ግን አልመጡም። በሾላውም በዋርካውም ላይ አንድ ጎጆ አልተሠራም። አንድ ጠዋት በመናፈሻው አናት አልፈው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። ወንበሮቹ ንጹሕ ሆኑ። ብዙ ሰው ደስ አለው፤ መሥሪያ ቤታችንም የጽዳት ምስጋና አገኘ። ጠራጊ እያለሁ የተመኘሁት ይኼ ነበር።

ደባርቅ ላይ በመንገድ ዳር ዛፍ የሚተክል ሠራተኛ ሲፈለግ ስሜን አስመዘገብኩ። ማንም አላስገደደኝም። እዚያ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት የውኃ ቆርቆሮው ላይ የረጋውን በረዶ በድንጋይ እንሰብራለን፤ ከተከልነው ግማሹን ውርጭ ይመታዋል። ከዕቃ ቤታችን ጀርባ አንድ አሮጌ ጥድ ነበር። እሱ ላይ ማጅራታቸው ነጭ የሆነ፣ ምንቃራቸው ወፍራም ሁለት ቁራዎች ጎጆ ሠሩ። ማንም ሳያዘኝ ከመጀመሪያው ጭራሮ እስከ መጨረሻው በረራ በየቀኑ አየኋቸው። ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ጊዜ፣ ማታ ሲያበቃ አንድ ጊዜ፣ እድንጋይ ላይ ተቀምጬ። ጫጩቶቹ እኩል እንደማያድጉ፣ ትልቁ ሲበር ትንሹ ገና ሳምንት እንደሚቀረው ያየሁት ያኔ ነው። ስንት ዓመት ከወፎች ሥር ሠርቼ አንድ ጎጆ እንኳ ከመነሻው እስከ መድረሻው አይቼ አላውቅም ነበር።

አያ መርሻ ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው እኔ እንድተካ ራሳቸው ጠይቀው ኖሮ፣ የመመለሻ ደብዳቤ መጣልኝ። ስደርስ ዕቃውን አስረከቡኝ።

«ተመልሰው ይመጣሉ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ብታውቂ አንቺ ነሽ» አሉ፤ መጋዙን ሰጥተውኝ ወጡ። በዓመቱ ጭልጋ ላይ አረፉ። ለቅሶ ደርሻለሁ።

ነጫጮቹ የተመለሱት እሳቸው ካረፉ በኋላ በመጣው ሰኔ ነው። መጀመሪያ ሦስት ጎጆ፤ ያውም ዋርካው ላይ። ሾላው ላይ እስከ ዛሬ አልሠሩም። በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ሆኑ፤ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ወንበሮቹን ከዋርካው ሥር አንስቼ ወደ አጥሩ ወሰድኳቸው፤ ሙሽሮችን ወደ አበባው መደብ እንዲያዞሩ ፎቶ አንሺዎቹን ለመንኩ። አንዳንዶቹ ሰሙኝ። አለምነሽ ግን ካለችበት አልተነሳችም፤ ቆሎዋን በላስቲክ ሸፍና እዚያው ዋርካው ሥር ትሸጥ ነበር።

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ዓመት ሲቀረው መናፈሻው ይታደስ ተባለ። ሥራውን የምትመራው ኢንጂነር ሰላማዊት የምትባል ሴት ናት። ሰኔ ላይ ስብሰባ ጠርታ ፕላኑን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ለመብራት ምሰሶና ለአዲሱ መተላለፊያ ሲባል የዋርካው ግማሽ አናት ይነሳል ይላል። ሁሉም መስከረም ላይ ማለቅ አለበት።

«ኅዳር ላይ እቆርጥልሻለሁ» አልኳት። «አሁን አልወጣም።»

«ውሉ መስከረም ነው የሚለው፣ እትዬ ይታይሽ።»

የሥራ ተቋራጩ ተወካይ ሳቅ አለ። «እርስዎ ባይወጡ በሞተር መጋዝ የሚወጣ አናጣም» አለ።

ሰው ፊት ብዙ መናገር አልችልም። የዚያን ዕለት ግን ቆሜ የሾላውን ነገር ከመጀመሪያው ተናገርኩ። ጆንያ አለማንጠፌን፣ ሦስት ጎጆ አይቼ መፍረዴን፣ አለቃዬ እንጠብቅ ቢሉኝ እችላለሁ ማለቴን፣ ሃያ ሦስቱን። አዳራሹ ውስጥ ያንን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሁለተኛ አልሠራውም። ማባረር ካስፈለገ ይቻላል።»

ተሰብሳቢዎቹ ወደ ሌላ አጀንዳ ተሻገሩ። እኔም የተባረርኩ መስሎኝ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ አመሻሽ ግን ኢንጂነሯ ብቻዋን መጣችና አለምነሽ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከሩቅ አያታለሁ። ነጫጮቹ ከጠዳ በኩል እየገቡ ነበር። ቆሎ ገዛች፤ አልበላችውም። ጃኬቷ ላይ ኩስ ሲያርፍባት አለምነሽ በጨርቅ ጠረገችላት። ሲጨላልም ወደ እኔ መጣች።

«ከበሩ በኩል ብንጀምርስ?» አለችኝ። «ይኼን ጎን እስከ ኅዳር በቆርቆሮ አጥረን ብናቆየው?»

«ይሆናል» አልኳት። «ኅዳር ላይም ግማሹን አናት አልቆርጥም፤ መብራቱን የሚነኩትን ሁለት ቅርንጫፎች ብቻ።»

«ሁለት» አለችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ተቋራጩ ተነጫነጨ፤ ሥራው ዘገየ፤ ኢንጂነሯም ለዚህ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደደረሳት በኋላ ሰማሁ። እሷ ግን አልነገረችኝም። ምረቃው መስከረም ላይ ተደረገ፤ የመናፈሻው ግማሽ በቆርቆሮ እንደታጠረ። ዘግይተው የተፈለፈሉት ጫጩቶች ስለሚጮኹ የእንግዳው ንግግር አልተሰማም። ኅዳር ላይ ወጥቼ ሁለቱን ቅርንጫፎች አነሳሁ። ባዶ ነበሩ፤ እያንዳንዱን ጎጆ በእጄ ዳስሼ ነው የቆረጥኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ሥራውን ለተተኪዬ አስረክቤ፣ እንዳልኩት፣ በሐምሌ ወጣሁ።

ነሐሴ ላይ ከገበያ ስመለስ በባጃጅ ተራው በኩል አለፍኩ። ባጃጆች መሀል መንገድ ላይ ቆመው ተደርድረዋል፤ ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ይነፋሉ። አንድ ከጎጆ የወጣ ጫጩት አስፋልቱ ላይ ወርዶ፣ በዝናብ ረጥቦ፣ በእነዚያ ረጃጅም እግሮቹ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጎንበስ አልኩ። ክንፉ ሞልቷል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቢቀረው ነው። ላነሳው እጄን ስዘረጋ አንድ የማላውቀው የባጃጅ ሾፌር እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ አይንኩት! አይንኩት!» አለኝ። ክንዱን ዘርግቶ በእኔና በወፉ መሀል ቆመ። «ከነኩት እናቱ ትሸሸዋለች። ራሱ ይወጣል፤ መንገድ ብቻ ይልቀቁለት።»

ሰው ስለነካው እናቱ አትሸሽም፤ ይህን አውቃለሁ። አላረምኩትም።

«ዛፉ ላይ ጎጆ አላቸው» አለ፤ በጣቱ ወደ ዋርካው እያሳየኝ። «በየዓመቱ ይመጣሉ። እዚህ የማይሠራ ሰው አያውቃቸውም።»

ጫጩቱ አጥሩ ሥር ደረሰ፤ ዘለለና ሽቦው ላይ ወጣ፤ ከዚያም ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ። ሾፌሩ እጁን አውለበለበና ባጃጆቹ ተንቀሳቀሱ።

«አዩት?» አለኝ።

«አየሁት» አልኩ። ዘንቢሌን አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።